የሰማይ ስባሪ ያየ ሰው ዝም ይበል? ለ«ዓይን ሲዋሽ» የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ ሰማይ ላይ አንድ ነገር ቦግ ብሎ ጠፋ። ለአራት ሰከንድ ያህል የሐይቁ ዳር መንገድ ቀን መሰለ። እሑድ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ማክሰኞ ደግሞ «ዓይን ሲዋሽ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እስኪመሽ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም ከሥሩ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለዋል። እንግዲህ ይኸው።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ያየነው ሰዎች እርስ በርሳችን ስለምንጋጭ ምስክርነታችን አይረባም። ሰዓቱን እንኳ አስማምተን መናገር አቅቶናል። ቪዲዮ የያዘ የለም። ከሐይቁ ማዶ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ድምፅ ይሰማ፣ እሳትም ይነሳ ነበር። ብርሃኑ አረንጓዴ ነበር ስለተባለ የሠርግ ርችት ወይም ድሮን ነው። ደግሞስ እውነት ቢሆን፣ ሳተላይት ባለበት ዘመን የሐዋሳ ሰው «አየሁ» ብሎ ማስመዝገቡ ለማን ይጠቅማል? የሥራ ፈት ሥራ ነው ይላሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። «ሐዋሳ ዓሣው ሲያንሳት ኮከብ ማጥመድ ጀመረች» የምትለዋ ቀልድ እኔንም አስቃኛለች። ግን ከሞላ ጎደል በሁሉም ነጥብ ተሳስተዋል። ያየነው ተወርዋሪ ኮከብ፣ ማለትም ከህዋ መጥቶ አየር ላይ የሚነድ ድንጋይ፣ ይመስለኛል። ስለራሴ አንድ ነገር ልበል። የሥነ ፈለክ ባለሙያ አይደለሁም። ሥራዬ ሴኪዩሪቲ ካሜራ መግጠም ነው። ሰማይ ማየት ደግሞ ከልጅነቴ የያዘኝ አመል ነው። (የውጭ አገሩን ቀን፣ ወርና ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ከዋናው ልጀምር። ሐዋሳ ሆነን ያየን ሁሉ «በሐይቁ በኩል፣ ወደ ምዕራብ» እንላለን። ጅማ የሚኖር የጸሐፊው ዘመድ ግን በማግሥቱ ደውሎ «እኔ ያየሁት በስተደቡብ ነው» አላቸው። ጸሐፊው ይህችን ይዘው «አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ምዕራብም ደቡብም ሊሆን አይችልም፤ እንግዲህ ማን ይታመን?» አሉ። ጽሑፉ ሁሉ የቆመው በዚህች ላይ ነው።

ሁለቱም ይታመኑ! አላሙራን አስቡት። ከተማ ውስጥ ላለ ሰው አላሙራ ወደ ደቡብ ነው። ከይርጋለም በኩል ለሚመጣ ሰው ግን ወደ ሰሜን ነው። ተራራው ቦታውን አልቀየረም፣ ከሁለቱ ሰዎችም የዋሸ የለም። የቆሙበት ነው የተለያየው።

አሁን ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱ። ከሐዋሳ ቀጥታ ወደ ምዕራብ አንድ መስመር ስደዱ። ከጅማ ቀጥታ ወደ ደቡብ ሌላ መስመር አውርዱ። ሁለቱ የሚገናኙት ዳውሮና ኮንታ አካባቢ ነው። ከእኛ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጸሐፊው «መጋጨት» ያሉት ነገር፣ ይህን የሚያጠኑ ሰዎች የሚለምኑት ነገር ነው። ምስክሮቹ ሁሉ ሐዋሳ ብቻ ቢኖሩና ሁሉም በአንድ ድምፅ «ምዕራብ» ቢሉ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ በጭራሽ አናውቅም ነበር። አንድ መስመር ብቻውን መጨረሻ የለውም። የጅማው ዘመድ ነው የቆረጠልን። ወላይታ ሶዶ ሆኖ ያየ ሰው ካለ፣ እሱም «ምዕራብ» ማለቱ አይቀርም። ግን ከእኛ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፣ ለነገሩ ይቀርባላ።

ዘዴው የትናንት አይደለም። በመጋቢት 1719 እንግሊዝ ላይ ትልቅ የእሳት ኳስ አለፈ። ኤድመንድ ሃሌይ፣ ያ ጅራታሙ ኮከብ በስሙ የሚጠራው ሰው፣ ከየከተማው የመጣውን የሰው ቃል ሰብስቦ ከፍታውን አሰላ። ካሜራ የለም፣ ስልክ የለም፣ የሰው ዓይን ብቻ። የሚገርመው ሃሌይ ራሱ አንድ ነገር ላይ እንደኛ ጸሐፊ ሆኗል። አንዳንዶች ብርሃኑ ሲያልፍ «ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማን» ቢሉት የምናብ ነው ብሎ ጣለው። ዛሬ ያ ሽሽታ በቁም ነገር ይጠናል።

ከሃሌይ ይልቅ እኔ የምወደው ግን የቢዮ ታሪክ ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ «ድንጋይ ከሰማይ ወደቀ» የሚል ገበሬ ይሳቅበት ነበር። የሚስቁት ደግሞ የተማሩት ናቸው። በሚያዝያ 1803 ፈረንሳይ ውስጥ ሌግል የምትባል ከተማ አካባቢ ወደ 3,000 የሚጠጋ ድንጋይ በቀን ዘነበ። ዣን ባፕቲስት ቢዮ የሚባል ወጣት ምሁር እንዲያጣራ ተላከ። ቢዮ ምን አደረገ? መንደር ለመንደር ዞረ። የት ቆመህ ነበር? በየት በኩል አየህ? መጀመሪያ ብርሃኑ ነው ድምፁ? እያለ ጠየቀ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ቃል አንድ ላይ ሲገጥም፣ ድንጋዮቹም በተባለው ቦታ ሲገኙ፣ የተማሩት ሰዎች ሳቃቸውን አቆሙ። ድንጋይ ከሰማይ እንደሚወድቅ ሳይንስ የተቀበለው በገበሬ ዓይን ነው።

እርግጥ ዓይን የማይችለው ነገር አለ። ርቀት አይችልም። ጨለማ ላይ የበራ ነገር አንድ ኪሎ ሜትር ይራቅ መቶ፣ ዓይናችን መለኪያ የለውም። ሁልጊዜም «እዚህች ጋ ነው» የሚል ስሜት ይሰጠናል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ራሳቸውም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። «ከሐይቁ ማዶ ወድቆ ቢሆን ኖሮ» ብለው ነው የጀመሩት። ማን አላቸው ከሐይቁ ማዶ ነው ብሎ? የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማዶው ማለት አጠገባችን ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የሚጠፋውም ገና መሬት ሳይደርስ ነው። ወደ 20 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚያበራ ካለ በጣም ዘልቋል ይባላል። ከዚያ በኋላ የተረፈ ስብርባሪ ካለ፣ ፍጥነቱ አልቆ ያለ ምንም ብርሃን ደቂቃዎች ፈጅቶ እንደማንኛውም ድንጋይ ይወርዳል። ስለዚህ «እሳቱ መሬት ሲነካ አየሁ» የሚል ሰው አይዋሽም፣ ግን ያየው ከተራራ ጀርባ ሲገባ ነው። እሳት መነሳቱም የፊልም ነገር ነው። የሚቀልጠው የድንጋዩ ቆዳ ብቻ ነው፣ እሱንም ነፋሱ ጠርጎ ይወስደዋል። ውስጡ እንደመጣበት ህዋ ቀዝቃዛ ነው።

ድምፁስ? ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ብርሃኑ ልክ ከአናታችሁ 60 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚደርሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። በ180 ኪሎ ሜትር ሂሳቡን ስሩት፤ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው። ያውም ከደረሰ። ቅዳሜ ማታ ሐይቅ ዳር ላይ፣ በዚያ ሙዚቃና በዚያ የባጃጅ ጩኸት መሀል፣ ዘጠኝ ደቂቃ ጆሮውን አቁሞ የጠበቀ ማነው? እኔ ራሴ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ወደ ክትፎዬ ተመልሻለሁ።

ይህች የድምፅ ጉዳይ ቀልድ ብቻ አይደለችም። በየካቲት 15 ቀን 2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ከተማ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን አለት ፈነዳ። ሰዉ ብርሃኑን አይቶ «ምንድን ነው?» እያለ ወደ መስኮት ሮጠ። የግፊቱ ሞገድ ከሁለት ደቂቃ ያህል በኋላ ደረሰና መስታወቱን ፊታቸው ላይ በተነው። ወደ 1,500 ሰው ተጎዳ፣ አብዛኛው በመስታወት ነው። ግቢውን ቀን የሚያደርግ ብርሃን ካያችሁ ከመስኮት ራቁ። ዝም ስላለ አልቋል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቪዲዮው። «ስልክ የሌለው ሰው በሌለበት ከተማ አንድ ሰው እንኳ አልቀረጸም» ይላሉ። እውነት ነው፤ አራት ሰከንድ እኮ ነው። እጅህ ኪስህ ሳይገባ ያልቃል። ግን በዚያች ሰዓት ሐዋሳ ውስጥ ስንት የሆቴል፣ የሱቅ፣ የባንክ ካሜራ ሲቀርጽ ነበር? ማን ጠየቃቸው?

እሑድ ጠዋት አንድ ፔንሲዮን ሄድኩ። አምና አራት ካሜራ የገጠምኩላቸው ቤት ነው። ጥበቃው ጋሼ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጉዳዬን ነገርኳቸው። «ልጄ፣» አሉ፣ «እኛ ዘንድ ሰማይ የሚያይ ካሜራ የለም። ሁሉም የሚያየው በሩንና መኪናውን ነው።» ችግር የለም ብዬ ገባሁ።

የቅዳሜ ማታውን ፋይል ከፈትኩ። ምንም የለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ 5 ሰዓት ገለበጥኩት፣ ምንም። ከዚያ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ዲቪአሩ፣ ማለትም የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ሳጥን፣ ከቻይና ሲመጣ ሰዓቱ የቤጂንግ ነው፣ ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ገጣሚው ማስተካከል ነበረበት። ገጣሚው እኔ ነኝ። የእኛ ቅዳሜ ማታ እሱ ዘንድ እሑድ ሌሊት ሆኖ ተቀምጧል። በዚያ ላይ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወደኋላ ቀርቷል። መጀመሪያ የስልኬንና የዲቪአሩን ሰዓት ጎን ለጎን አድርጌ በአንድ ፎቶ አነሳኋቸው። ይህን ፎቶ ሳትይዙ ማንኛውንም የካሜራ ሰዓት አትመኑ።

አገኘሁት። ምስሉ የሌሊት ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ነው። ግቢው ጭር ብሏል። አንዲት ድመት ኮብልስቶኑ ላይ ተጋድማለች። ጥግ ላይ የልብስ ማድረቂያ ገመድ የታሰረበት የብረት ምሰሶ አለ። ድንገት ግቢው ነጣ። የምሰሶው ጥላ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ጥላው አልቆመም። እንደ ሰዓት ዘንግ እየዞረ፣ እየዞረም እየረዘመ ሄደና ከነግቢው ጠፋ። ድመቷ ቀና ብላ ወደ ሐይቁ በኩል አየች። ጋሼ «በስመ አብ!» አሉ። «እስቲ ድገመው።» ስድስት ጊዜ ደገምነው።

ሰኞ ሜትር ይዤ ተመለስኩ። የምሰሶው ቁመት 2 ሜትር ከ40 ነው። ብርሃኑ በጣም የደመቀበት ቅጽበት ላይ ምስሉን አቁሜ፣ ጥላው የደረሰበትን ድንጋይ ለየሁ። ከምሰሶው ሥር ተነስቼ ኮብልስቶኑን ቆጠርኩ። 65 ድንጋይ፣ በሜትር ስለካው 6 ሜትር ከ50። ጥላው የተኛው ቀጥታ ወደ ምሥራቅ ነው። እንግዲህ ብርሃኑ ቀጥታ በስተምዕራብ ነበር ማለት ነው። የምሰሶው ቁመትና የጥላው ርዝመት ደግሞ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር ይናገራል። ካሜራው ሰማዩን ሳያይ ይህን ሁሉ መዝግቧል። የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የቼልያቢንስኩም መንገድ ሲሰላ አደባባይ ላይ ያሉ የመብራት ምሰሶዎች ጥላ በካሜራ ተለክቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የትምህርት ቤት ሂሳብ ነው። በዚያ ቅጽበት ከመሬት 65 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር ካልን ከእኛ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። 80 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር ካልን 220 ይሆናል። የቱ እንደሆነ ከሐዋሳ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ነው የጅማው ሰው ቃል ወርቅ የሆነው፣ እሳቸው ግን ለቀልድ ተጠቀሙበት።

ሱቅ ወይም ሆቴል ያላችሁ፣ ዛሬውኑ እዩት። ዲስኩ ሲሞላ የድሮውን እየደመሰሰ ነው የሚቀርጸው። አንዱ ቤት ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ሌላው አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። ሰማይ ባይታይም የአጥራችሁን ጥላ ፈልጉ።

ሰዓቱን በተመለከተ ጸሐፊው በጣም ነው የተዝናኑብን። አንዱ 3:12፣ አንዲት የሪዞርት ሠራተኛ 9:12፣ ሦስተኛው ደግሞ 18:12 ብለዋል። «በስድስት ሰዓት የሚለያይ አንድ ቅጽበት» አሉ። ጌታዬ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው! ከምሽቱ 3:12 በእኛ ነው። 9:12 ሠራተኛዋ ከእንግዶቿ ጋር የምትጠቀምበት የፈረንጅ ሰዓት ነው። 18:12 ደግሞ ሳይንቲስቶች ዓለምን ሁሉ የሚያስማሙበት የግሪንዊች ሰዓት ነው፣ እኛ ከሱ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ጉዱ የሚመጣው የትኛውን እንደተናገርን ሳንገልጽ ስንቀር ነው። ቀላል ዘዴ አለኝ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በእኛ ሰዓት ላይ 15 ደምሩ። 3:12 ላይ 15 ሲደመር 18:12። አለቀ።

ቀኑ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። «ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ስንል እኛ ውስጥ ግልጽ ነው። በግሪንዊች ግን ገና ቅዳሜ 23 ሰዓት ነው። «እሑድ ሌሊት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ለሰኞ አጥቢያውን ይሁን ያለፈውን አይታወቅም። ስለዚህ የእኛን አባባል እንዳለ ጻፉት፣ አጥቢያዋን አትርሱ፣ ከጎኑ የስልካችሁን ሰዓት አስቀምጡ። ስልክ ከኔትወርክ ስለሚወስድ ከግድግዳ ሰዓት ይሻላል።

ርችቱና ድሮኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ርችት ከመሬት ይነሳል፣ ድሮን ደግሞ ሐዋሳንና ጅማን ባንድ ጊዜ አያበራም። አረንጓዴው ቀለምም አያስደንቅም። የሚነደው ድንጋይ ውስጥ ማግኒዥየም ሲኖር ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ሶዲየም ሲኖር ወደ ብርቱካናማ ቢጫ ይመታል። አየሩ ራሱም ሲግል ቀለም አለው።

እኔ ብሆን ኖሮ ሌላ ጥያቄ ነበር የማነሳው፣ ጸሐፊው አላነሱትም እንጂ። የህዋ ቆሻሻ ቢሆንስ? ያረጀ ሳተላይት ወይም የሮኬት ቁራጭ? በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጎረቤት ኬንያ ውስጥ፣ ማኩዌኒ በሚባል አካባቢ አንድ መንደር ላይ 500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ወድቋል። የአገሪቱ የህዋ ኤጀንሲ የሮኬት አካል ነው ብሏል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚለየው በፍጥነት ነው። ከምህዋር የሚወርድ ቆሻሻ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ሰማዩን ለማቋረጥ ብዙ አሥር ሰከንዶች፣ አንዳንዴ ከደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ተሰባብሮ እንደ መኪና ሰልፍ ተከታትሎ ነው የሚያልፈው። ከህዋ የመጣ ድንጋይ ግን በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ነው። የኛው በአራት ሰከንድ ከግራ ወደ ቀኝ ጥላ አዙሮ ጠፋ። ሰከንድ መቁጠር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑ ሲጠፋ ወዲያው በአእምሯችሁ ድገሙትና «አንድ ሺ አንድ፣ አንድ ሺ ሁለት» እያላችሁ ቁጠሩ። ሰው ሲደነግጥ ሦስቱን ሰከንድ ሠላሳ ያደርገዋል።

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ ግዙፍ ነገር ስናይ «የሰማይ ስባሪ የሚያህል» እንላለን። የእውነተኛው የሰማይ ስባሪ መጠን ግን ያሳፍራል። ከቬነስ፣ ማለትም ከአጥቢያ ኮከብ፣ የደመቀ ተወርዋሪ ኮከብ ሁሉ የእሳት ኳስ ይባላል። ያን ሁሉ ብርሃን የሚያወጣው ድንጋይ ከእግር ኳስ ላይበልጥ ይችላል። ፍጥነቱ ነው ጉዱ።

«ሳተላይት ባለበት ዘመን» የሚለው ክርክር ጠንካራ ይመስላል። የአሜሪካ መንግሥት ሳተላይቶች ትልልቆቹን ብልጭታዎች ይመዘግባሉ፣ ናሳም ዝርዝሩን ያወጣል። ትንንሾቹ ግን ያመልጣሉ። ሰማዩን ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቁ የካሜራ መረቦች ደግሞ በብዛት ያሉት አውሮፓ፣ አሜሪካና አውስትራሊያ ነው። ዳውሮ ላይ የለም።

የሱዳኑን ነገር ደግሞ ስሙ። በጥቅምት 2008 አሜሪካ ውስጥ የሚገኝ ቴሌስኮፕ 4 ሜትር ገደማ የሆነ አለት ወደ መሬት ሲመጣ ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ቀድሞ አየ። ከመውደቁ በፊት የተገኘ የመጀመሪያው ነው። ሰሜን ሱዳን በረሃ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ፣ ሳተላይትም አየው። ቴሌስኮፕም ሳተላይትም አላችሁ እንግዲህ። ድንጋዮቹን ማን አገኛቸው? የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራቸው ሙዓውያ ሻዳድ፣ ፒተር ጀኒስኬንስ ከሚባል ተመራማሪ ጋር። ያዩ ሰዎችን ጠየቁ፣ ከዚያ ተሰልፈው በረሃውን በእግራቸው አሰሱት። በጠቅላላው ወደ 600 የሚጠጋ ቁራጭ ተለቀመ። ስሙም አልማሃታ ሲታ ተባለ፣ «ጣቢያ ስድስት» ማለት ነው፣ በአካባቢው ባለችው የባቡር ጣቢያ።

እኛም ባዶ አይደለንም። በ1981 (ይህም በፈረንጆቹ ነው) ሐረርጌ ውስጥ ጉርሱም ላይ የወደቀው ከ34 ኪሎ በላይ የሆነ ድንጋይ በስሙ «ጉርሱም» ተብሎ በዓለም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያ የሆነው ያየ ሰው ስለተናገረ ነው።

ማስመዝገቢያውም ከባድ አይደለም። በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሚቲዮር (የተወርዋሪ ኮከብ) ድርጅት በኢንተርኔት የሚሞላ ነጻ ቅጽ አለው። ከየትኛውም አገር ይቀበላል። እኔ በአሥር ደቂቃ ሞላሁት። የት ቆመህ ነበር፣ ሲጀምር በየት በኩልና በምን ከፍታ፣ ሲያልቅስ፣ ስንት ሰከንድ፣ ቀለሙ፣ ድምፅ ነበረው ወይ፣ ተሰባብሯል ወይ፣ ጭስ ትቷል ወይ ይላል። ማስረጃ አምጣ አይልም። ብዙ ሰው ሲሞላ የተሳሳተው ከመሀል ራሱ ይወጣል።

አያቴ ኮከብ ሲወረወር ስታይ «ትልቅ ሰው ሞተ» ትል ነበር። ማን እንደሞተ ግን አታውቅም። የት እንዳየችው ግን ከዓመት በኋላም አትረሳውም። «ከበረቱ ጀርባ ቆሜ፣ ከዋርካው አናት ተነስቶ ከጎተራው በላይ ጠፋ» ትላለች። ከዚህ የተሻለ ሪፖርት የለም። በረቱ ጋ ሄዶ መቆም፣ ዋርካውንና ጎተራውን መለካት ብቻ ነው የሚቀረው። እናንተም በማግሥቱ ያያችሁበት ቦታ ተመልሳችሁ ቁሙ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ስትጨብጡ የቡጢው ስፋት 10 ዲግሪ ነው። ስንዝር 20 ዲግሪ ገደማ። ትንሿ ጣት አንድ ዲግሪ። መለማመድ የፈለገ ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ከከተማው መብራት ወጣ ይበል። ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ የሚደምቅባቸው ቀናት ናቸው፣ ሰማያችንም ያኔ ጥርት ያለ ነው። የነሐሴው ፐርሰይድ በደመና ነው የሚያልፈን።

ሐዋሳ ውስጥ ድንጋይ መልቀም ከንቱ ድካም ነው በማለታቸው ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሰኞ አንድ ልጅ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይዞ ሱቄ መጣ፣ «ስንት ያወጣል?» አለ። ባልጩት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እየኖርን ጥቁር ድንጋይ ቢጠፋ ነው የሚገርመው። ከሰማይ የመጣው እንደ መስታወት አያብረቀርቅም፣ እንደ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳ የለውም። በቁመናው ሲታይ ይከብዳል፣ ቀጭን ጥቁር ቅርፊት አለው፣ አብዛኛው ማግኔት ይስባል። ለማንኛውም ሐዋሳ ላይ አትልፉ፤ የተረፈ ካለ ዳውሮ ወይም ኮንታ ነው። መመታት ለሚፈሩ ደግሞ፣ በ1992 ኡጋንዳ ምባሌ ላይ ድንጋይ ሲዘንብ አንዲት ጠጠር የሙዝ ቅጠል ነጥራ የአንድ ልጅ አናት ላይ አረፈች። አልጎዳችውም። እዚህ ሲዳማ ቢሆን ኖሮ የእንሰት ቅጠል ነበር የሚያተርፈው።

እንግዲህ ለእርስዎ አንድ ልመና አለኝ። የጅማውን ዘመድዎን አንድ ጊዜ ይደውሉለት። ቅዳሜ ማታ የቆመበት ቦታ ሄዶ ይቁምልኝ። ብርሃኑ የጠፋው ከየትኛው ዛፍ ወይም ጣሪያ በላይ ነው፣ ስንትስ ቡጢ ከፍ ብሎ? አቅጣጫውን በስልኩ ኮምፓስ ያንብበው። ሲያነብ ግን ከቆርቆሮ አጥር ራቅ ይበል፣ ብረት ያሳስተዋል።